ቦይለሩ ስር የሚያንጠባጥበው መጋጠሚያ፣ መፍቻ ከማንሳታችሁ በፊት

ቦይለር ስር ያለች መጋጠሚያ ማንጠባጠብ ስትጀምር ብዙ ቤት የሚደረገው አንድ ነው፣ መፍቻ ይፈለግና ጥብቅ ይደረጋል። ሊቆም ይችላል፣ ሁለት ሶስት ቀን ቆይቶ ግን ይመለሳል፣ እንደገና ይጠበቃል፣ እንዲ እንዲ እየተባለ አንድ ቀን ዳዶው (በመፍቻ የሚዞረው ባለጥርስ ቀለበት) ይሰነጠቅና ጠብታ የነበረው ነገር ሻወር ቤቱን ያጥለቀልቀዋል። ሰው ላይ አልፈርድም፣ የሚያስረዳው ስላላገኘ ነው። ሁሉም መጋጠሚያ ጥርስ (እየዞረ የሚያያዝበት ጠመዝማዛ መስመር) ስላለው ሁሉም ውሃ የሚይዘው በአንድ አይነት መንገድ ይመስላል። ግን ጥርሱ ራሱ ውሃውን የሚያቆምበት መጋጠሚያ አለ፣ ጥርሱ ጨምቆ ከመያዝ ሌላ ስራ የሌለውና ውሃውን የምታቆመው ውስጥ ያለችው ጎሚኒ (የጎማ ማሸጊያ) የሆነችበት መጋጠሚያ ደግሞ አለ። የቱ እንደሆነ ሳትለዩ ብታጠብቁም ቴፍሎን (ጥርስ ላይ የሚጠቀለለውን ስስ ነጭ ጥቅል) ብትጠቀልሉም ለውጥ የለውም፣ ሲብስ ደግሞ የነበረውንም ያበላሻል።

የማወራው ስለ ኤሌክትሪክ ቦይለር ነው፣ እዚ አገር ብዙ ቤት ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ያለው 30፣ 50 ወይም 80 ሊትር የሚይዘው፣ ብዙ ጊዜ 1500 ዋት አካባቢ የሚጎትተው። ከስሩ ሁለት የብረት አፍ ወጣ ብሎ ይታያል፣ ሰማያዊ ቀለበት ያለው ቀዝቃዛ ውሃ የሚገባበት ነው፣ ቀይ ያለው ሙቁ የሚወጣበት። ሁለቱም አብዛኛውን ጊዜ ግማሽ ኢንች ናቸው። ግማሽ ኢንች ስለተባለ ሜትር አስጠግታችሁ ብትለኩት 21 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው የምታገኙት፣ አትደናገጡ፣ ቁጥሩ የድሮ የቱቦ የውስጥ ስፋት መጠሪያ ሆኖ የቀረ ነው፣ ሱቅ ሄዳችሁ ግማሽ ኢንች ብላችሁ ነው የምትጠይቁት።

ከሁሉም በፊት የሚያፈሰው በርግጥ መጋጠሚያው ነው ወይ? ውሃ ብረት ይዞ ይንሸራተትና ከተነሳበት ርቆ ነው የሚንጠባጠበው፣ ስለዚ ጠብታው የሚታይበት ቦታ ብዙ ጊዜ ያሳስታል። መጀመሪያ ብሬከሩን አጥፉ፣ ከዛ ሁሉንም ነገር በጨርቅ ሙልጭ አድርጋችሁ አድርቁት፣ ከዛ ደረቅ ሶፍት ቀዳችሁ እያንዳንዱ መጋጠሚያ ዙሪያ ለየብቻ ጠቅልሉበት፣ ከዳዶው በላይም አንድ፣ ከዳዶው በታችም አንድ፣ እና አስር ሀያ ደቂቃ ጠብቁ። ቀድሞ የራሰው ሶፍት ነው ጥፋተኛው። ከዳዶው በላይ ያለው ሶፍት ከራሰ ውሃው ከላይ ነው የሚመጣው ማለት ነው፣ ያኔ ዳዶውን እስከነገ ብታጠብቁት ዋጋ የለውም። እዛ ጋ ከላይ ምን አለ? ከስር ያለው የፕላስቲክ ክዳን ውስጥ የማሞቂያው ሬዚስታንስ የታሰረበት ክብ ብረት አለ፣ በቡሎን ወይም በቡሎኖች የታሰረ፣ በመሀሉ ትልቅ ጎሚኒ ያለው። እሱ ጎሚኒ ሲያረጅ ውሃው በክዳኑ ጠርዝ ወርዶ ቧንቧው ላይ ይፈስና መጋጠሚያው ያፈሰሰ ይመስላል። ክዳኑ ውስጥ ደግሞ ሽቦው አለ፣ 220 ቮልት። ለዚህ ነው ብሬከሩን በመጀመሪያ አጥፉ ያልኩት፣ ይሄ ለወግ የሚባል ማስጠንቀቂያ አይደለም፣ ውሃና ኤሌክትሪክ በአንድ ክዳን ስር ናቸው።

የቆየ ማፍሰስ ሶፍትም ሳያስፈልገው ራሱን ያሳያል። ናስ ከሆነ አረንጓዴ ነገር ያበቅላል፣ ብረት ከሆነ ቡናማ የዝገት መስመር ይወርዳል፣ ውሃው ማዕድን የበዛበት የጉድጓድ ውሃ ከሆነ ደግሞ ነጭ ቅርፊት ይጋግራል። ነጩን ቅርፊት በጣት እየፈለፈላችሁ የት ጋ እንደሚወፍር ብታዩ መነሻው እሱ ነው። እና አንድ ተጨማሪ ነገር፣ ቀዝቃዛው ቧንቧ ላይ ከሻወር በኋላ ላብ የሚመስል ጤዛ ካለ እሱ ማፍሰስ አይደለም፣ ከክፍሉ እንፋሎት የመጣ ነው፣ መስኮት ሲከፈት ይደርቃል።

አሁን ሰው በጣም የሚሳሳትበት ጋ ልምጣ። ቀዝቃዛው መግቢያ ላይ የታሰረች ትንሽ የናስ ቫልቭ አለች፣ ከጎኗ ትንሽ እጀታ ያላት፣ ወደ ታች ወይ ወደ ጎን ትንሽ አፍ ያላት፣ ሴፍቲ ቫልቭ ነው የምትባለው። ቦይለሩ ሲሞቅ ከዛች አፍ ጠብ ጠብ ይላል። ይሄ ብልሽት አይደለም። ውሃ ሲሞቅ ይሰፋል፣ ከ20 ዲግሪ ወደ 60 ዲግሪ ሲሄድ አንድ ተኩል ፐርሰንት ገደማ ይጨምራል፣ 50 ሊትር ቦይለር ላይ ሶስት ሩብ ሊትር ማለት ነው። ያ ትርፍ ውሃ የት ይሂድ? ቫልቯ ውስጥ ውሃ ወደ ኋላ እንዳይመለስ የሚዘጋ ነገር አለ ስለዚ ወደ መስመሩ አይመለስም፣ የሻወሩ ቧንቧ ደግሞ ዝግ ነው፣ ያለው መውጫ ያቺ አፍ ብቻ ናት። ብዙዎቹ ላይ 8 ባር የሚል ወይም 0.8 ሜጋ ፓስካል የሚል ጽሁፍ ታገኛላችሁ፣ ግፊቱ እዛ ሲደርስ ትከፍትና ታስተነፍሳለች።

ይቺን አፍ በቡሽ፣ በሙጫ፣ በቴፍሎን፣ በምንም ነገር አትድፈኗት። ቫልቯን አውልቃችሁ ተራ ቫልቭም አትተኩባት። የሙቀት መቆጣጠሪያው ተበላሽቶ አላቋርጥ ካለ ውሃው ከ100 ዲግሪ አልፎም ይሞቃል፣ ታንኩ ውስጥ ግፊት ስላለ አይፈላም፣ ሙቀቱ ዝም ብሎ ይጠራቀማል። ታንኩ የተቀደደ ጊዜ ግን ግፊቱ ባንዴ ይወርድና የተወሰነው ውሃ እንፋሎት ይሆናል፣ እንፋሎት ደግሞ ከውሃው 1,600 እጥፍ ገደማ ቦታ ይፈልጋል። ግድግዳ የሚያፈርስ ጉልበት ነው። ጠብታዋ ከረበሸቻችሁ አፏ ላይ ቀጭን ጎማ ሰክታችሁ ወደ ፍሳሽ ምሯት፣ ጎማው ቁልቁል ይሂድ፣ ጫፉ አይታፈን፣ በቃ። ቦይለሩ ጠፍቶ ቀዝቅዞም የምታንጠባጥብ ከሆነ ግን ወይ የመስመሩ ግፊት በዝቷል ወይ መቀመጫዋ ላይ አሸዋ ገብቷል፣ እጀታዋን ሁለት ሶስቴ ከፍ ዝቅ አድርጋችሁ ውሃ አስወጡባት፣ ብዙ ጊዜ ትጠራለች። በወር አንዴ እንደዛ ማድረግ ጥሩ ነው፣ ካልተነካች ደርቃ ትጣበቅና በሚያስፈልግ ቀን አትከፍትም።

እሺ፣ የሚያፈሰው መጋጠሚያው መሆኑን አረጋገጣችሁ እንበል። አሁን የቱ አይነት ነው?

የመጀመሪያው አይነት ጥርሱ ውሃ የሚይዝበት ነው። ኒፕል (አጭር ባለጥርስ ቱቦ)፣ ኤልቦ (ማጠፊያ)፣ ሬዲዩሰር (ስፋት መቀነሻ)፣ ሴፍቲ ቫልቯ ራሷ ቦይለሩ አፍ ላይ የምትገባበት፣ እነዚ ብዙ ጊዜ እንዲህ ናቸው። ወንዴው ጥርስ (ሌላው ውስጥ የሚገባው) ቀጥ ያለ አይደለም፣ ወደ ጫፉ እየቀጠነ የሚሄድ ነው፣ በ16 ሚሊ ሜትር ርዝመት 1 ሚሊ ሜትር ይቀጥናል፣ በአይን ብዙም አይታይም። ሲገባ እንደ ጠርሙስ ቡሽ እየጠበበ እየተጨመቀ ይሄዳል። ግን ብረትና ብረት የቱን ያህል ቢጣበቁ በጥርሱ ጫፍና በጥርሱ ስር መሀል ጠመዝማዛ ቀጭን መንገድ ይቀራል፣ ውሃ ያንን መንገድ ይዞ እየዞረ ይወጣል። ቴፍሎን ወይም ቃጫ የሚያስፈልገው ያንን መንገድ ለመሙላት ነው። ቴፍሎን ደግሞ ሌላም ስራ አለው፣ ያንሸራትታል፣ ስለዚ በዛው ጉልበት ጥርሱ ከሌላው ጊዜ ጠለቅ ብሎ እንዲገባ ያደርጋል።

ሁለተኛው አይነት ፍሌክሲብል ጎማው (መስመሩንና ቦይለሩን የሚያገናኘው፣ ሽቦ የለበሰው ተጣጣፊ ጎማ) ጫፍ ላይ ያለው ዳዶ ነው። ዳዶው በነጻነት ይሽከረከራል፣ ውስጡን በባትሪ ብታዩ ክብ ጠፍጣፋ ጎሚኒ ተቀምጣለች። የቦይለሩን አፍ ጫፍ ደግሞ እዩት፣ ጠፍጣፋ ነው። ዳዶው ሲጠብቅ ጎሚኒዋን ጠፍጣፋው ጫፍ ላይ ይጫናታል፣ ውሃው እዛ ላይ ያቆማል፣ ጥርሱ ጋ ጭራሽ መድረስ የለበትም። እዚ ጥርሱ ላይ ቴፍሎን ብትጠቀልሉ ምን ይሆናል? ውሃው ጎሚኒዋን አልፎ መጥቷልና ቴፍሎኑ ለጊዜው ሊያግደው ይችላል፣ ግን ዳዶው በቴፍሎኑ ውፍረት ምክንያት ጎሚኒዋ ጋ ሳይደርስ የጠበቀ ይመስላችኋል፣ እጃችሁ ይከብዳል፣ ጎሚኒዋ ግን አልተጫነችም። ለዚ ነው ፍሌክሲብል ላይ ቴፍሎን ጠቅልለው ደጋግመው ሲያፈስባቸው የሚገርማቸው ሰዎች ያሉት። ፍሌክሲብል ላይ ቴፍሎን አይደረግም። ጎሚኒዋን ቀይሩ፣ የምትቀመጥበትን ጫፍ አጽዱ፣ አለቀ።

ፈታችሁ ከማየታችሁ በፊት ታንኩን ማወቅ አለባችሁ፣ ካልሆነ የ50 ሊትር ሙቅ ውሃ ፊታችሁ ላይ ይወርዳል። ሙቁ የሚወጣበት ቱቦ ታንኩ ውስጥ እስከ ላይ ድረስ ይሄዳል፣ ምክንያቱም ሙቅ ውሃ ከላይ ነው የሚቀመጠው። የቀዝቃዛው መግቢያ ግን አጭር ነው፣ ታች ላይ ያበቃል። ስለዚ የሻወሩን ሙቅ ቧንቧ ከፍታችሁ ውሃ መውጣት ሲያቆም ታንኩ ባዶ ሆኗል ብላችሁ አታስቡ፣ ሙሉ ነው፣ የሚገፋው ስለሌለ ነው ያቆመው። የቀዩን መጋጠሚያ ስትፈቱ ትንሽ ነው የሚፈሰው፣ የሰማያዊውን ስትፈቱ ግን፣ አየር በሙቁ በኩል ከገባለት፣ ያለው በሙሉ ይወርዳል።

ቅደም ተከተሉ እንዲህ ነው፣ ብሬከሩን ታጠፋላችሁ፣ ቴስተር ካላችሁ በቴስተር ታያላችሁ፣ ከዛ ሙቅ ቧንቧ ከፍታችሁ ቀዝቃዛ ውሃ እየገባ ሙቁን እስኪገፋው ታስወጣላችሁ፣ እጅ የማያቃጥል ሲሆን መግቢያውን ቫልቭ ትዘጋላችሁ። የሙቁን ቧንቧ ክፍት ትታችሁ አየር እንዲገባ፣ የሴፍቲ ቫልቯን እጀታ አንስታችሁ በጎማ ወደ ባልዲ ታወርዱታላችሁ። ቀስ ብሎ ነው የሚወርደው፣ ታገሱት፣ እጀታዋ በማትቆምበት ቫልቭ ላይ በሽቦ እሰሯት። ሊወርድ አልፈልግ ካለ ሙቁ በኩል አየር አልገባም ማለት ነው፣ የቀዩን ዳዶ ትንሽ አላሉት። የምትሰሩት የሙቁን መጋጠሚያ ብቻ ከሆነ ታንኩን ባዶ ማድረግ አያስፈልጋችሁም፣ መግቢያው በደንብ ከተዘጋ ከስሩ ሳፋ አስቀምጣችሁ መስራት ይቻላል።

መፍታት ላይ ሁሌ ሁለት መፍቻ። አንዱ የሚዞረውን ያዞራል፣ ሌላው ከታንኩ ጋር የተያያዘውን ወይም ቀጥሎ ያለውን እንዳይንቀሳቀስ አጥብቆ ይይዛል። ይሄ ነገር በጣም አስፈላጊ ነው። የቦይለሩ አፍ ታንኩ ላይ የተበየደ ብረት ነው፣ የታንኩ ውስጥ ደግሞ እንዳይዝግ ኢናሜል ተቀብቷል፣ የድሮ የብረት ኩባያና ሳህን ላይ የነበረው አይነት። ኢናሜል መስታወት ነው፣ አይተጣጠፍም። አፉን በፓይፕ ሬንች ጠምዝዛችሁ ትንሽ ካዞራችሁት ብየዳው ዙሪያ ኢናሜሉ ይሰነጠቃል፣ ያኔ ምንም አይታያችሁም፣ ውሃው ግን ስንጥቁን ያገኝና ብረቱን መብላት ይጀምራል። ከአመት ሁለት አመት በኋላ ታንኩ ከስሩ ሲፈስ ቦይለሩ እቃው አይረባም ይባላል፣ የገደለው ግን ያ መፍቻ ነው። ግድግዳው ውስጥ ያለው ፒፒአር (በሙቀት እየቀለጠ የሚያያዝ የፕላስቲክ ቱቦ) ከሆነም ያው ነው። ፒፒአር ፊቲንግ (መጋጠሚያ) ፕላስቲክ ውስጥ የናስ ጥርስ ተቀብሮ የተሰራ ነው፣ ናሱ በጉልበት ከዞረ ከፕላስቲኩ ይላቀቃል፣ ከዛ በኋላ ያለው መፍትሄ ግድግዳ ሰብሮ አዲስ ፊቲንግ በማሽን አቅልጦ መግጠም ነው። አንድ ተጨማሪ መፍቻ መያዝ ከዚ ሁሉ ያድናል።

ጥርሱን ፈታችሁ ስታወጡት የድሮውን ቴፍሎን እስከመጨረሻው አጽዱ፣ በጥርስ ብሩሽ፣ በሽቦ ብሩሽ፣ ጥርሱ ስር የገባውን በመርፌ። አሮጌ ላይ አዲስ መደረብ አይሰራም። ከዛ ጥርሱን ብርሃን ላይ አዙራችሁ እዩት፣ የተበላ፣ የተኮረኮመ፣ ስንጥቅ ያለው ከሆነ በቴፍሎን ብዛት አይድንም፣ ቀይሩት። ሴቴውን ክፍልም በጣት ዳስሱ፣ በተለይ ርካሽ ፊቲንግ ላይ በቁመቱ ፀጉር የምታክል ስንጥቅ ትኖራለች፣ ስትጠብቅ የምትከፈት ስትላላ የምትዘጋ፣ ብዙ ጊዜ ሲያጠብቁት የባሰበት መጋጠሚያ ሚስጥሩ እሷ ናት።

ቴፍሎን አጠቃለሉ፣ የወንዴውን ጥርስ ጫፍ ወደራሳችሁ አዙሩት፣ ሰዓት በሚዞርበት አቅጣጫ ጠቅልሉ። በተቃራኒው ከጠቀለላችሁት ፊቲንጉ ሲገባ ቴፍሎኑን እየገፋ ይፈታዋል፣ ጥርሱ አፍ ላይ ተሰብስቦ ተጨማዶ ታዩታላችሁ። የመጀመሪያዋን ጥርስ ባዶ ተዉዋት፣ ፊቲንጉ ቀጥ ብሎ እንዲይዝ ነው፣ ደግሞም የተንጠለጠለ ቴፍሎን ተቆርጦ ወደ ውስጥ ገብቶ የሻወሩን ማጥሪያ እንዳይደፍን። እየጠቀለላችሁ ሳብ አድርጉት፣ ጥርሱ ቅርጹ ከላይ እስኪታይ ድረስ፣ ልል ሆኖ እንደ ጨርቅ ከተቀመጠ ስትገጥሙት ይሸሻል። ስንት ዙር? ሱቅ ውስጥ የምናገኘው ስስ ነጭ ቴፍሎን ከሆነ ለግማሽ ኢንች ከ6 እስከ 10 ዙር፣ ወፈር ያለው ከሆነ 4 ወይም 5 ይበቃዋል። ትክክል መሆኑን የሚነግራችሁ እጃችሁ ነው፣ በእጅ ሁለት ሶስት ዙር ገብቶ ከዛ መክበድ አለበት። በእጅ እስከ መጨረሻ ከገባ ቴፍሎኑ አንሷል፣ አንድ ዙርም በእጅ አልገባም ካለ በዝቷል፣ የበዛው ደግሞ ሴቴው ፕላስቲክ ከሆነ ይሰነጥቀዋል። ከእጅ በኋላ በመፍቻ አንድ ተኩል ሁለት ዙር አካባቢ፣ እየጨመረ የሚሄድ ክብደት እየተሰማችሁ።

አሁን ሴፍቲ ቫልቯ ላይ ስትደርሱ አንድ ነገር ይገጥማችኋል። ቫልቯ ጠበቀች፣ ጥሩ፣ ግን አፏ ወደ ታች መሆን ሲገባው ወደ ግድግዳው ዞራ ቆመች። ሰው ሁሉ የሚያደርገው ትንሽ ወደ ኋላ መመለስ ነው። ቴፍሎን ላይ ወደ ኋላ መመለስ የለም። ቴፍሎን አንዴ ተጨምቆ ቅርጽ ከያዘ ወደነበረበት አይመለስም፣ ሩብ ዙር ብትመልሱት እንኳ ያ ጠመዝማዛ መንገድ ይከፈታል፣ ዛሬ ባያፈስ ነገ ሲሞቅ ያፈሳል። ወይ ወደፊት ቀጥሉና አፏ ወደ ታች እስክትመጣ አዙሩ፣ ወይ ወደፊት ጉልበት የሚጠይቅ ከሆነ ፈታችሁ አጽዱና አንድ ሁለት ዙር ቴፍሎን ጨምራችሁ ወይ ቀንሳችሁ እንደገና ጀምሩ። አሰልቺ ነው ግን ሌላ መንገድ የለውም። ቃጫ እዚ ጋ ይሻላል፣ ውሃ ሲነካው ስለሚያብጥ ትንሽ ወደ ኋላ ብትመልሱትም ይይዛል፣ የድሮ ባለሙያዎች የሚወዱት በምክንያት ነው። ቃጫ ግን ከማሸጊያ ቅባቱ ጋር ነው፣ ስስ አድርጋችሁ ጥርሱን ተከትላችሁ ትጠቀልሉታላችሁ፣ ጥርሱም ትንሽ ሻካራ መሆን አለበት፣ አለበለዚያ ተንሸራቶ ይሰበሰባል። ቫልቯ ላይ ያለውንም ቀስት አትርሱ፣ ቀስቱ ወደ ቦይለሩ ማመልከት አለበት።

ፍሌክሲብሉ ቀላል ነው። የቦይለሩን ጠፍጣፋ ጫፍ በጣት ዙሩበት፣ ዝገት ወይ ጉድጉድ ካለ በቀጭን ብርጭቆ ወረቀት እኩል አድርጉት። አሮጌዋ ጎሚኒ ጠንክራ ቀለበት የመሰለ ቦይ ከወጣባት ጥሏት፣ በተለይ ሙቁ በኩል ያለችው ቶሎ ነው የምትደርቀው፣ ስለዚ ስትገዙ ለሙቅ ውሃ የምትሆን በሉ። ዳዶውን በእጅ እስኪቆም፣ ከዛ በመፍቻ ሩብ ዙር፣ ቢበዛ ግማሽ። ከዛ በላይ ጎሚኒዋን ጨፍልቃችሁ ወደ ውስጥ ታስገቧታላችሁ፣ ወይ ስሱን ዳዶ ትሰነጥቁታላችሁ። ስታጠብቁ ጎማው ራሱ አብሮ እንዳይጠመዘዝ በሌላ እጅ ያዙት። ከላይ ያለው የሽቦ ሽፋን የተበጣጠሰ ወይም የዛገ ከሆነ ጎሚኒ መቀየሩን ትታችሁ ጎማውን በሙሉ ቀይሩ፣ እሱ ሲፈነዳ ቤት ውስጥ ሰው ላይኖር ይችላል።

ሁሉን በስርዓት ሰርታችሁ ከጥቂት ወራት በኋላ ያው ቦታ እንደገና የሚያፈስ ከሆነ ሁለት ነገር ጠርጥሩ። አንዱ የብረቶች አለመስማማት ነው፣ ብረትና መዳብ ወይም ብረትና ናስ ውሃ ውስጥ ሲነካኩ ደካማው ብረት ይበላል፣ የሚበላው ደግሞ የቦይለሩ አፍ ነው። ጥርሱ ስር ያለው ብረት እየሳሳ ሲሄድ ምንም ቴፍሎን አይይዘውም። ሁለቱን ብረት የሚለያይ ውስጡ ፕላስቲክ ያለው መጋጠሚያ ይሸጣል፣ በተለይ መስመሩ መዳብ ከሆነ ግዴታ በሉት። ሌላው ግፊት ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ውሃ በፈረቃ ሲመጣ ቀን ላይ ከጣራው ሮቶ ነው የምትጠቀሙት፣ ሮቶው ከቦይለሩ 5 ሜትር ከፍ ብሎ ቢቀመጥ የሚሰጣችሁ ግማሽ ባር ነው፣ በየ10 ሜትሩ 1 ባር ስለሆነ። ሌሊት ግን የመስመሩ ውሃ ሲለቀቅ፣ ተጠቃሚው ተኝቶ፣ ግፊቱ የዛ ብዙ እጥፍ ሊሆን ይችላል፣ በዛ ላይ ባዶ የነበረው መስመር ውስጥ የቆየው አየር እየተገፋ ይመታል። ቀን ደርቆ የዋለ መጋጠሚያ ጠዋት ረጥቦ የሚገኘው ለዛ ነው። ፓምፕ ያለበት ቤትም ፓምፑ ሲነሳና ሲቆም ያው ነው። ግፊቱ ከ5 ባር በላይ የሚሄድ ከሆነ መግቢያው ላይ ግፊት መቀነሻ ማስገጠም ነው፣ ቦይለሩ ጋ ሳይሆን ቤቱ መግቢያ ጋ ቢሆን ለሌላውም ቧንቧ ይጠቅማል።

አሜሪካ ላላችሁ አንድ ነገር ልበል፣ እዛ ቦይለሩ ብዙ ጊዜ ቤዝመንት ወይ ቁምሳጥን ውስጥ መሬት ላይ የቆመ 40 ወይም 50 ጋሎን ነው፣ መጋጠሚያዎቹ ከላይ ናቸው፣ ሶስት ሩብ ኢንች፣ ሴፍቲ ቫልቩም 150 ፒኤስአይ ወይም 210 ፋራናይት ሲደርስ የሚከፍት ነው። የጥርሱ አይነት የኛ አገሩ አይደለም። የሁለቱም አገር ሶስት ሩብ በኢንች 14 ጥርስ ስላለው አንዱ አንዱ ውስጥ ይገባል፣ ግን የነሱ ጥርስ 60 ዲግሪ የኛው 55 ዲግሪ ነው፣ ትንሽ ገብቶ ይከብዳል፣ የገጠመ ይመስላል፣ ከዛ ያፈሳል። ከአንዱ አገር ወደ ሌላው ፊቲንግ ይዛችሁ አትሂዱ። በጋዝ የሚሰራ ከሆነ ደግሞ የውሃውን መጋጠሚያ ከመንካታችሁ በፊት ጋዙን ወደ ፓይለት (ትንሿ የማቀጣጠያ ነበልባል ብቻ ወደምትቀርበት ቦታ) መልሱት፣ የጋዙን መጋጠሚያ ግን ለባለፈቃድ ሰራተኛ ተዉት፣ እሱ ላይ ያነበባችሁትን አትሞክሩ።

ጨርሳችሁ ስትሞሉት ብሬከሩ እንደጠፋ ይሁን። የሻወሩን ሙቅ ቧንቧ ክፈቱ፣ መግቢያውን ቫልቭ ቀስ ብላችሁ ልቀቁ፣ መጀመሪያ አየር ይተነፍሳል፣ ከዛ እየተቆራረጠ ይመጣል፣ ከዛ ወጥ ሆኖ መፍሰስ ሲጀምር ታንኩ ሞልቷል። ያኔ ነው ቧንቧው የሚዘጋውና መጋጠሚያው የሚታየው። ውሃ ሳይሞላ ኤሌክትሪክ ከተለቀቀ ሬዚስታንሱ በደቂቃዎች ውስጥ ይቃጠላል። ሶፍቱን እንደገና ጠቅልሉበት፣ ቀዝቃዛ ላይ ደረቅ ከሆነ ብሬከሩን ለቃችሁ እስኪሞቅ ጠብቁ፣ ከዛ አጥፍታችሁ እንደገና እዩት፣ ምክንያቱም ብረቱ ሲሞቅ ይሰፋል ሲቀዘቅዝ ይሰበሰባል፣ አንዳንድ መጋጠሚያ የሚያፈሰው ሲቀዘቅዝ ብቻ ነው። ፈረቃ ባለበት ሰፈር ደግሞ ሶፍቱን ውሃ እስከሚመጣበት ሌሊት ተዉት፣ ጠዋት ደረቅ ከሆነ ስራው አልቋል።

ሁሉን አድርጋችሁ ውሃው ከአፉና ከታንኩ መገናኛ፣ ከብየዳው ራሱ የሚመጣ ከሆነ ግን ጥገና የለውም። ሙጫም፣ ብየዳም፣ ኢፖክሲም አይሆንም፣ ውስጡ ኢናሜሉ ሄዷል ማለት ነው፣ ከውጭ የምትለጥፉት ነገር ሁሉ ግፊት ያለበት ታንክ ላይ ነው። ብሬከሩን አጥፉ፣ መግቢያውን ዝጉ፣ አዲስ እስክትገዙ ድረስ ውሃ ጣዱ። አዲሱን ስታስገጥሙም የድሮዋን ሴፍቲ ቫልቭና የድሮዎቹን ፍሌክሲብሎች አታዛውሩ፣ ከቦይለሩ ዋጋ ጋር ሲተያይ ምንም አይደሉም።